ኔትወርኩ ምን አደረገ?

«ሲስተም የለም» አዲስ አበባ ላይ ሲባል ያናድዳል፤ ጋምቤላ ክልል፣ ኢታንግ ላይ ሲባል ግን ሰው ያሳድራል። የባሮን ወንዝ በታንኳ ተሻግሮ ወይም በክረምት ጭቃ ከቀበሌው በእግሩ መጥቶ መስኮቱ ስር የቆመ ባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» ሲሉት ወይ ዘመድ ፈልጎ ያድራል፣ ወይ ጉዳዩን እርግፍ አድርጎ ይተዋል።

ሲስተሙ ሳይጠፋ ሲንቀራፈፍ ደግሞ ጥፋተኛው ምርመራ ሳይጀመር ይታወቃል፤ ኔትወርኩ ነው። ከዚያ ደብዳቤ ይጻፋል። የኢንተርኔት ፍጥነት ይጨመርልን፣ አዲስ ሰርቨር ይገዛልን። ሰኔ ላይ በጀት እንዳይመለስ ግዥው ይጣደፋል፣ ካርቶኑ ይከፈታል፣ ፎቶ ይነሣል። ሐምሌ ላይ ያቺ ክብ ምልክት ስክሪኑ ላይ እንደ ድሮዋ ትዞራለች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

መብራት ይጠፋል፣ መስመር ይቆረጣል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን መስመር ሲቆረጥ መልስ ጨርሶ አይመጣም። ከሁለት ደቂቃ በኋላ መልስ ከመጣ መስመሩ ሥራውን እየሠራ ነው፤ መጠየቅ ያለበት ሁለት ደቂቃ ሙሉ ምን ሲያመላልስ እንደቆየ ነው።

ለጋምቤላ ሰው ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ጋር ከተዋዋሉ በኋላ ጋምቤላ የንግድ ወደብ ሆነች፤ የእንፋሎት መርከቡም ከካርቱም ተነሥቶ በባሮ ሽቅብ የሚመጣው ወንዙ ሲሞላ፣ በክረምት ነበር። ነጋዴው ቡናውን አከማችቶ ይጠብቅና ባንድ ጉዞ ይጭናል። አንድ ኬሻ ጭኖ፣ ካርቱም አድርሶ፣ «ሁለተኛውን ላምጣ?» ብሎ የሚመለስ ካፒቴን ቢገኝ በማግስቱ ይባረር ነበር። ለቢሮ የሚሠሩ ብዙ ፕሮግራሞች ዛሬ የሚያደርጉት ግን ይህንኑ ነው። የ300 ሰው ዝርዝር ባንድ ጥያቄ ማምጣት ሲቻል የመጀመሪያውን ስም ይጠይቃሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ሁለተኛውን ይጠይቃሉ።

የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን የሚያገናኘው የመንግሥት ኔትወርክ፣ ወረዳ ኔት፣ በ1990ዎቹ ሲዘረጋ ብዙ ሩቅ ወረዳዎች የተገናኙት በሳተላይት ነበር። እንዲህ ያለው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ይቆማል። ጥያቄው ወጥቶ ይወርዳል፣ መልሱም ወጥቶ ይወርዳል፤ በብርሃን ፍጥነት እንኳ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። 300 ምልልስ በግማሽ ሰከንድ ሲባዛ 150 ሰከንድ ነው። መስመሩን በአሥር እጥፍ ብታሰፉት መርከቡን ታሰፉታላችሁ እንጂ ካርቱምን አታቀርቡትም።

ይባስ የሚያስቀው ሰርቨሩ ከጎን ክፍል ተቀምጦ ቴሌ ሲረገም ነው። ባንድ ግቢ፣ ባንድ ስዊች የተያያዙ ኮምፒውተሮች ጥያቄና መልስ የሚለዋወጡት ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ነው፤ የውጭው ኢንተርኔት በነገሩ የለበትም። እውነቱን ለማወቅ አንድ ወንበርና አንድ የእጅ ሰዓት ይበቃል። ሰርቨሩ ራሱ ላይ ተቀመጡና ያንኑ ስም ፈልጉ። እዚያም ከተንቀራፈፈ ኔትወርኩን ልቀቁት። ምናልባት ዳታቤዙ ኢንዴክስ ስላልተሠራለት አንድ ስም ለማግኘት መቶ ሺህ መዝገብ ከዳር እስከ ዳር እየገለበጠ ይሆናል፤ መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ፋይሎቹ ቁጥር የሌላቸው መደርደሪያ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሰርቨሩ ላይ ፈጥኖ ከጠረጴዛችሁ ሲዘገይ ያን ጊዜ ኬብሉን እዩ። አይጥ የነካካው ኬብል ሙሉ በሙሉ ሳይሞት ከ100 ሜጋቢት ወደ 10 ሊወርድ ይችላል። ዳታቤዙ በአክሰስ ተሠርቶ በጋራ ፎልደር የተቀመጠ ከሆነ ደግሞ የሰርቨሩ አዲስነት ብዙም አይፈይድም፤ ፍለጋው የሚካሄደው በየሠራተኛው ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ የመዝገቡ ገጾች ራሳቸው በኬብሉ ይግተለተላሉ።

ጥፋቱን በወረዳው አይቲ ባለሙያ ላይ መለጠፍም ይቀናናል። እሱ ፕሪንተር ሲጠግን ይውላል፤ የዳታቤዙ የይለፍ ቃል ያለው ፕሮግራሙን በሠራው ሰው እጅ ነው። ያ ሰው ሰርቨሩን ጠረጴዛው ስር አድርጎ፣ አዲስ አበባ ላይ፣ በሃያ የሙከራ ስም ሞክሮታል፤ ፈጥኖለታል። ያየኋቸው የጨረታ ሰነዶች ስንት ዓይነት ሪፖርት እንደሚወጣ ይዘረዝራሉ፤ ከየት ወረዳ ሲጠየቅ በስንት ሰከንድ እንደሚወጣ ግን አንድም ቃል የላቸውም።

ርክክብ በሆቴል አዳራሽ ይቅር። የመጨረሻው ክፍያ ከመውጣቱ በፊት አሠሪና ሠሪ በየካቲት ቀትር ኢታንግ ይቀመጡና፣ ሁሉም ጠረጴዛ ሥራ ላይ እያለ፣ 300 ስም ይፈልጉ። ማራገቢያው ከወረዳው፣ ሰዓት ያዡ መስኮቱ ስር ከቆመው ሰልፍ ይሁን።