ርካሽ ፖርሽ ወይስ ማዝዳ?

በአውሮፓና በአሜሪካ ያገለገለ የመጀመሪያው ትውልድ ፖርሽ ቦክስተር ብዙ ጊዜ በተራ የቤት መኪና ዋጋ ይገኛል። ፖርሽ በዚህ ዋጋ! ያስጎመጃል። ግን በነፃ ዝውውር የመጣ ተጫዋች በደመወዙ ክለቡን እንደሚያከስር ሁሉ፣ እዚህም ወጪው የሚጀምረው ከፊርማው በኋላ ነው።

በተለይ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2004 በተሠሩት ላይ ሞተሩ ውስጥ ያለች አንዲት ኩሽኔታ ስሟ ክፉ ነው። ሁሉም ላይ አትበላሽም፤ የተበላሸች ቀን ግን ሞተሩን ይዛው ትሄዳለች። እሷን ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ አለበት። ስለዚህ ብልህ ባለቤት ፍሪሲዮን ሲያስቀይር እሷንም አብሮ ያስቀይራል። ሻጩ የዚህን ደረሰኝ ካላሳየ መኪናው ርካሽ ነው ብሎ ነገር የለም።

እ.ኤ.አ. በ1989 ብቅ ያለችው ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 የፖርሽ ስም የላትም፤ ጉልበቷም ያንሳል። ቀጥ ባለ መንገድ ቦክስተሩ ጥሏት ይሄዳል፣ ይሂድ! ቀላል ናት፣ ኩርባ ትወዳለች፣ አራት ሲሊንደር ሞተሯም ለመካኒክ አያስቸግርም። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ስለተመረተች መለዋወጫ እንደ ልብ ነው። በወር ደመወዝ ለሚኖር ሰው ከሁለቱ የምትሻለው እሷ ናት። ጠላቷ ዝገት ነው፤ ገዢው ቀለሟን ከማድነቁ በፊት ጎንበስ ብሎ ከበሮቿ ሥር ይመልከት።