ባልዲና አረፋ ለችግኝ ጣቢያ፤ የት ይሠራል? የት አይሠራም?

ከዘር ሳይሆን ከአካሉ ተቆርጦ የሚራባ ተክል ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። የጉራጌና የሲዳማ ገበሬ የእንሰቱን አሚቾ ከመሬት አውጥቶ፣ መሐል ቡቃያውን ጎርጉዶ ጥሎ፣ መልሶ አፈር በማልበስ ከአንድ እንሰት በርካታ ችግኝ ሲያገኝ ኖሯል። የወላይታ ገበሬ የስኳር ድንቹን ሐረግ እየቆረጠ ይተክላል። አጥሩን በኮርች እንጨት ያጠረ ሰውም ክረምቱ ሲወጣ እንጨቱ ቅጠል አውጥቶ፣ አጥሩ ዛፍ ሆኖ ያገኘዋል።

ችግሩ የሚጀምረው ቁራጩ እንደ ኮርች እሺ ሳይል ሲቀር ነው። የጥብስ ቅጠል፣ ጽጌረዳ፣ ጤና አዳምና ሌሎችም በጓሮና በችግኝ ጣቢያ የሚፈለጉ ተክሎች ከቁራጭ ይራባሉ፤ ይሁንና አፈር ውስጥ ተሰክተው ውኃ ሲበዛባቸው ታቻቸው ጠቁሮ ይበሰብሳል፤ ውኃ ሲያንሳቸው ደግሞ ቅጠላቸው ይደርቃል። ሠራተኛው ሥር አውጥተው እንደሆነ ለማየት በየሳምንቱ እየነቀለ ሲመለከታቸው የቀሩትም ይሞታሉ። ሥር ማብቀሉ ባልተሳካ ቁጥር የሚጠፋው ቁራጩ ብቻ አይደለም፤ እናት ተክሏም ቅርንጫፏን አጥታ ለወራት ባዶዋን ትቆማለች።

ለዚህ ችግር በሌሎች አገሮች የጓሮ አትክልተኞች ዘንድ ከተለመደ የቆየ አንድ ቀላል መሣሪያ አለ። ክዳን ያለው ባልዲ፣ ለዓሣ ማሳደጊያ መስተዋት ገንዳ የሚያገለግል አነስተኛ የአየር ፓምፕ፣ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ፣ በቱቦው ጫፍ ላይ ገብቶ አየሩን ወደ ደቃቅ አረፋ የሚበትን ባለ ቀዳዳ ድንጋይ እና ጥቂት ስፖንጅ ማለት ነው። ተሠርቶ የተጠናቀቀውን ከውጭ ማስመጣት ይቻላል፤ ነገር ግን በውስጡ ከተጠቀሰው የተለየ ነገር ስለሌለው ለዚህ የውጭ ምንዛሪ ማውጣት የሚያስመሰግን ሥራ አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሃያ ሊትር የሚይዝ የቀለም ባልዲ ቀለሙ ፈጽሞ እስኪለቅ ይታጠባል። ክዳኑ በጋለ ብረት አውራ ጣት በሚያስገባ ስፋት ከአሥር እስከ ሃያ ቦታ ይበሳል። ከአሮጌ የስፖንጅ ፍራሽ ክብ ክብ ቁራጮች ተቆርጠው እስከ መሐላቸው በምላጭ ይሰነጠቃሉ፤ ቅርንጫፉ በስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ስፖንጁ ቀዳዳውን እንደ ቡሽ ይወትፈዋል። ድንጋዩ ከባልዲው ሥር ይቀመጣል፤ ቱቦው በክዳኑ ጠርዝ በኩል ይወጣል። ውኃው ከክዳኑ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ዝቅ እንዲል ሆኖ ይሞላል። አረፋው ወደ ላይ ወጥቶ ሲፈነዳ ከውኃው በላይ ያለውን የቁራጩን ክፍል ያለማቋረጥ ያረጥበዋል፤ ጫፉ ደግሞ ውኃው ውስጥ ይሆናል።

ቁራጩ ከጤነኛ እናት ተክል፣ በማለዳ፣ በተሳለና በጸዳ ምላጭ፣ ከአንጓው ሥር ይቆረጣል። ርዝመቱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። የታችኞቹ ቅጠሎች ይነሣሉ፤ ከላይ ሁለት ወይም ሦስት ይቀራሉ። አበባ ወይም እምቡጥ ካለበት መወገድ አለበት።

አረፋው ምን ይሠራል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ናና በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ያለ ምንም አረፋ ሥር ሲያወጣ ያላየ የለምና። ከተቆረጠው ጫፍ አዲስ ሥር የሚሠሩት ሕዋሳት ይተነፍሳሉ፤ ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ኦክስጅን ደግሞ በረጋ ውኃ ውስጥ የሚዘዋወረው በአየር ውስጥ ከሚዘዋወርበት አሥር ሺህ ጊዜ ያህል በዘገየ ፍጥነት ነው። ቁራጩ በዙሪያው ያለውን ከጨረሰ በኋላ ሌላው ቶሎ አይደርስለትም። ናና ፈጣን ስለሆነ ሳይታፈን ያመልጣል፤ ሳምንታትን የሚጠይቀው የጥብስ ቅጠል ግን ሥሩ ሳይወጣ ብስባሴው ይቀድመዋል። በካሊፎርኒያ ሆግላንድና አርኖን የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1938 ያለ አፈር ተክል ስለ ማሳደግ ባወጡት መመሪያ ለሥሩ አየር ማቅረብ አስፈላጊ መሆኑን አስገንዝበዋል። ስለዚህ ሐሳቡ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ባልዲው ያንኑ አሮጌ ዕውቀት ነው ያረከሰው።

ለአገራችን ይህ ነገር የሚብስበት ምክንያት አለ። በባሕር ጠለል ከፍታ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያለው አንድ ሊትር ውኃ ከአየር ወስዶ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን 9 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። አዲስ አበባን በመሰለ፣ ወደ 2,400 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ግን አየሩ ስስ ስለሆነ ይኸው ውኃ የሚይዘው 7 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው። ቆላው ከዚህ ችግር የዳነ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፤ መተሐራ ላይ ባልዲው ፀሐይ መትቶት 30 ዲግሪ ቢደርስ፣ በሙቀቱ ምክንያት ውኃው የሚይዘው ኦክስጅን ከደጋው ባልዲ አይበልጥም። ደጋው በከፍታው፣ ቆላው በሙቀቱ ያጣል። ባልዲውን ጥላ ሥር ማኖር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ጥላ ብቻም አይበቃም። ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ባልዲ በጥቁር ላስቲክ ካልተጠቀለለ ወይም ጥቁር ካልተቀባ ውኃው በጥቂት ቀናት ውስጥ አረንጓዴ ዝልግልግ ያበቅላል። የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ቀን በተከፈተ ዕቃ ማሳደር፣ ከዚያም በየሳምንቱ መለወጥ ነው። ማዳበሪያ በዚህ ጊዜ አያስፈልግም፤ ሥር የሌለው ነገር አይመገብም።

ከሁሉ በላይ የሚረሳው የፓምፑ ቦታ ነው። ፓምፑ ከውኃው ወለል በላይ መሰቀል ይኖርበታል። መሬት ላይ ከተቀመጠ መብራት በጠፋ ጊዜ ውኃው በቱቦው ተስቦ ወደ ፓምፑ ይወርዳል፤ መብራቱ ሲመለስ ፓምፑ ይቃጠላል፣ ወይም ሰው ይይዛል። አንድ ሚስማር ግድግዳ ላይ መምታት ይህን ሁሉ ያስቀራል።

መብራት ከተነሣ ዘንድ፣ እውነቱን ሳይሸፋፍኑ መናገር ይገባል። ፓምፑ የሚፈጀው ኃይል ጥቂት ነው፤ 3 ዋት የሆነው ሌትና ቀን ቢሠራ በወር ወደ 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ይቆጥራል። ወጪው የሚያስፈራ አይደለም። የሚያስፈራው መቋረጡ ነው። ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ ቁራጩ አይሞትም፤ ቀንና ሌሊት ጠፍቶ ከሰነበተ ግን ባልዲው ከተራ የረጋ ውኃ አይሻልም። መስመሩ ጭራሹን ያልደረሰበት የገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከል ይህን መሣሪያ ተቀብሎ በመደርደሪያ ላይ ለእንግዳ ማሳያ ከሚያደርገው ባይቀበለው ይሻላል።

ሆኖም አየር በኤሌክትሪክ ብቻ አይነፋም። በጎሚስታ ቤት የተጣለ፣ ቀዳዳው የተለጠፈ የመኪና ካላማዳሪ በእግር መንፊያ ተነፍቶ፣ ከአፉ በሚወጣ ቱቦ ላይ መቆጣጠሪያ ቢደረግለት መብራት እስኪመጣ ድረስ ቀስ እያለ አረፋ ይሰጣል። ከዚህም የሚቀል አለ፦ ታቹ በመርፌ የተበሳ አንድ ጀሪካን ከባልዲው በላይ ይሰቀልና ውኃው ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል፤ የሚወድቀው ጠብታ አየር ይዞ ይገባል። ጧትና ማታ ከባልዲው እየቀዱ ጀሪካኑን መሙላት ነው። የፓምፑን ያህል አይሆንም፤ ከረጋ ውኃ ግን በእጅጉ ይበልጣል። በገጠር ቤት ይህን የሚሞላው ማን እንደሆነ ግን አስቀድሞ ይታሰብበት፤ ውኃ ቀድታ የምትመጣው ሴት ላይ ሌላ ሸክም የሚጨምር መሣሪያ ርካሽ ነው አይባልም። ባልዲው ውስጥ ያለው ያው ውኃ ተመላልሶ ስለሚያገለግል ለችግኙ ተብሎ በየቀኑ እንስራ መሸከም የለም፤ ይህ መልካም ጎኑ ነው።

የትኛውን ተክል እንደሚያገለግል መለየትም ያሻል። ስኳር ድንች፣ ሸንኮራ አገዳ፣ ካሳቫና ዝሆኔ ሣር በቀጥታ አፈር ውስጥ የሚበቅሉ ናቸው፤ እነርሱን ባልዲ ውስጥ ማስገባት ጊዜ ማባከን ነው። ወይንም ቢሆን የእርሳስ ውፍረት ያለው የደረቀ ቅርንጫፉ አሸዋ ውስጥ ቢሰካ ይበቃዋል። ባልዲው የሚመሰገነው በናና፣ በጥብስ ቅጠል፣ በጤና አዳም፣ በጌጥ አበቦች፣ እንዲሁም ከቲማቲም እግር ሥር ተነቅሎ በሚጣለው ጎን ቡቃያ ነው። ዘሩ ውድ የሆነ ዲቃላ ቲማቲም የገዛ የጓሮ አትክልተኛ ከአንዱ ተክል የሚጥለውን ቡቃያ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ሥር አስይዞ ሌላ ተክል ሊያደርገው ይችላል።

ቡና ግን በዚህ አይሞከር። የዲቃላ ቡና ፍሬ ተዘርቶ እናቱን ስለማይመስል ከቁራጭ ማራባቱ ለገበሬው ትልቅ ጥቅም አለው፤ ይህን የሰሙ ሰዎች ባልዲው መፍትሔ ይመስላቸዋል። የቡና ቁራጭ ቀጥ ብሎ ከሚወጣው ቡቃያ እንጂ ከጎን ቅርንጫፍ አይወሰድም፤ ሥር ለማውጣትም ወራትን ይጠይቃል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ትልቁ ጠላቱ የቅጠሉ መድረቅ ነው። አረፋው ታቹን እንጂ ቅጠሉን አይጠብቅም። ለእንዲህ ያለው ተክል የሚሻለው ሊኪ የተባለው ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1990 ያስተዋወቀው በላስቲክ የተሸፈነ የእንጨት ሣጥን ነው። ከሥር ድንጋይና ጠጠር ተደርድሮ ውኃ ይሞላበታል፤ በላዩ አሸዋ ይነጠፋል፤ ቁራጩ አሸዋው ውስጥ ይሰካና ክዳኑ ይዘጋል። መብራት አይፈልግም፤ ቧንቧም አይፈልግም። መብራት ለሌለው ጣቢያ ከባልዲው በፊት መታሰብ የነበረበት ይህ ሣጥን ነው።

ባልዲው የሚያስከትለው አንድ አደጋ ደግሞ አለ። ሃያ ቁራጭ አንድ ውኃ ይጠጣል። ከሃያው አንዱ ታሞ ከሆነ አረፋው በሽታውን ለአሥራ ዘጠኙ ያዳርሳል። በ2004 ዓ.ም. በደቡብ የዝንጅብል ማሳዎችን ያወደመው የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ በተበከለ ዘር፣ በአፈርና በውኃ የሚተላለፍ ነው፤ የዚያ ባክቴሪያ ወገኖች ቲማቲምንና ድንችንም ያጠቃሉ። ስለሆነም ቲማቲም ባልዲ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የእናቱ ጤንነት ይመርመር። ምርመራው ብርጭቆ ብቻ ነው የሚጠይቀው፦ ጠውለግ ያለ ተክል ግንዱ ተቆርጦ ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጫፉ ብቻ ይነከራል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወተት የመሰለ ክር እየተንዠቀዠቀ ከወረደ ያ ማሳ ለቁራጭ አይሆንም። ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ሲታለፍም ባልዲው፣ ድንጋዩና ቱቦው አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ተበጥብጦ መታጠብና በደንብ መለቅለቅ አለባቸው። ስፖንጁ ይጣል፤ ከፍራሽ ሌላ ይቆረጣል።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር መምጣት ይቻላል። ባልዲው ክዳኑ ተነሥቶ ነጫጭ ሥር ሲታይ ማንንም ያስደስታል፤ ፎቶግራፍ ለማንሣትም ይመቻል። ሪፖርት የሚጻፈውም በዚያን ዕለት ነው። ሆኖም ያ ሥር የውኃ ሥር ነው። ተሰባሪ ነው፤ ውኃ ፍለጋ አፈር መጎርጎር አልለመደም። አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰው ከዚህ በኋላ፣ ወደ አፈር ሲዛወር ነው። ሥሩ ረዝሞ እስኪጠላለፍ የሚጠብቅ ሰው ሲነቅለው ይሰብረዋል። ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ብስባሽ፣ አሸዋና የደን አፈር ወደ ተሞላ የችግኝ ላስቲክ መዛወር አለበት። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ጥላ፣ በላዩም እንደ ጎጆ የተደፋ ላስቲክ ያስፈልገዋል። አፈሩ እርጥበቱ አይለየው፤ ላስቲኩም በየቀኑ ጥቂት እየተገለጠ ችግኙ አየሩን ይልመድ። ይህን ሳምንት የዘለለ ሰው ሦስት ሳምንት የደከመበትን በሦስት ቀን ያጣል።

በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ ስንት ተተከለ ከሚለው ጎን ስንት ጸደቀ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ቆይቷል። ያው ጥያቄ ከባልዲው ሊሸሽ አይገባውም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በመዝገቡ ላይ የሚያሰፍረው ቁጥር ሥር ያወጣውን ሳይሆን፣ አፈር ውስጥ ገብቶ አንድ ወር ቆይቶ አዲስ ቅጠል ያወጣውን መሆን ይኖርበታል። አለዚያ የወረዳው ጽሕፈት ቤት መቶ ያወጣውን ባልዲ አይቶ ሌላ ሃምሳ ባልዲ እንዲገዛ ያዛል፤ ገበሬው ግን ከመቶው የተረከበው አሥር ይሆናል። ከዚያ በኋላ በዚያ ቀበሌ ስለ ቁራጭ የሚሰማ አይገኝም።

ጣቢያው መብራት ካለው አንድ ባልዲ ይበቃዋል። ሃያ የጥብስ ቅጠል ቁራጭ በባልዲው፣ ሃያ ደግሞ ከዚያው እናት ተቆርጦ በተለመደው አሸዋ ውስጥ በአንድ ቀን ይግባ። ሁለቱም በአንድ ቀን ወደ ላስቲክ ይዛወሩ፤ በአንድ ወሩም ጎን ለጎን ይቆጠሩ። አሸዋው ካሸነፈ ፓምፑ ለሌላ ጣቢያ ይሰጥ፤ ባልዲው እንደሆነ ውኃ መቅጃ ይሆናል።