ጣሳው የማን ነው?

መተከል ዞን፣ ማንቡክ ከተማ፣ ወፍጮ ቤት ውስጥ ሚዛን ፊት ከተቀመጥኩ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። እህል እመዝናለሁ፣ ማስፈጫ እቀበላለሁ፣ ዱቄቱ ሲወጣ ለባለቤቱ አስረክባለሁ። ወፍጮ የሚያስከፍለው በኪሎ ነው፤ ገበያው የሚሰፍረው በጣሳ ነው። ጠዋት በጣሳ የተገዛ ማሽላ ከሰዓት በኋላ እኔ ሚዛን ላይ ይወጣል። «አሥር ጣሳ እኮ ነው የገዛሁት! እንዴት ሰባት ኪሎ ብቻ ይሆናል? ሚዛንሽን አሠሪው እንጂ» የምትለኝ እናት ከሳምንት ሳምንት አትጠፋም።

አልቆጣም። ከሚዛኑ አጠገብ ሁልጊዜ የሁለት ሊትር የታሸገ ውሃ አስቀምጣለሁ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ሁለቱ ሊትር ከነፕላስቲኩ ሁለት ኪሎ ከጥቂት ግራም ይመጣል። ውሃውን ሚዛኑ ላይ አወጣላታለሁ፣ ቁጥሩን በዓይኗ ታያለች። ሚዛኑ እንዳልዋሸ ካመነች በኋላ ስለ ጣሳው እንነጋገራለን። እህል እንደ ውሃ አይደለም፤ በፍሬና በፍሬ መካከል አየር አለ። አንድ ሊትር በሚይዝ ጣሳ በቆሎና ማሽላ ከሰባት መቶ ግራም ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ሰሊጥ ስድስት መቶ ግራም ገደማ ይሆናል። ቅርፊቱ ያልተፈለፈለ ለውዝ ደግሞ ሦስት መቶም ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ ያቺ እናት ተሰርቃ ላይሆን ይችላል። የከፈለችው ገንዘብ በኪሎ ስንት እንደሚመጣ ግን ማንም አልነገራትም፤ እኔ ጋ እስክትደርስ ድረስ የምታውቅበት መንገድም አልነበራትም።

እኔን ግን ከገዢዋ ይልቅ የምታሳስበኝ ሻጯ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከዳንጉር ወረዳ ገጠር ቀበሌዎች የጉሙዝ እናቶች ለውዝና ሰሊጥ ይዘው ወደ ከተማ ይመጣሉ። አሸካከማቸውን መተከልን የረገጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ትከሻ ላይ አንድ እንጨት ይጋደማል፣ ሸክሙ በሁለቱ ጫፍ ይንጠለጠላል። ሁለቱ ወገን እኩል ካልሆነ ያን ሁሉ መንገድ መሄድ አይቻልም። ስለዚህ ከቤቷ ሳትወጣ አንዱ ወገን ሲያጋድል ከዚያ ቀንሳ ወደዚህ እየጨመረች ታስተካክለዋለች። ትከሻዋ ራሱ ሚዛን ነው። የተሸከመችው ምን ያህል እንደሚከብድ ከእርሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ገበያ ስትደርስ ግን ነጋዴው ጣሳውን ይዞ ይጠብቃታል።

ጣሳው የነጋዴው ነው። የምለው ነገር ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

አንዱ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይይዛል፣ ሌላው የቲማቲም ድልህ፣ ሌላው ከዘይት ቆርቆሮ የተቆረጠ። ቂጡ በመዶሻ ተመትቶ ወደ ውጭ የተነፋ አይቻለሁ፤ እርሱ መግዣ ነው። ወደ ውስጥ የገባም አይቻለሁ፤ እርሱ መሸጫ ነው። ቆርቆሮው ሳይነካ እንኳ በሰፋሪው እጅ ብዙ ነገር አለ። ቀስ ብሎ የፈሰሰ እህል ሳሳ ብሎ ይቀመጣል፤ ጣሳውን ሁለት ሦስት ጊዜ መሬት መታ መታ ካደረጉት ይጠጋጋል፣ እስከ አንድ አስረኛ የሚደርስ ጭማሪ ይቀበላል። ክምሩ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። አንድ ሊትር የሚይዝ ጠባብና ረጅም ጣሳ ሲከመር የሚጨምረው ከአንድ አስረኛ ያነሰ ነው። ያንኑ አንድ ሊትር የሚይዝ ዝርግና አፈ ሰፊ ቆርቆሮ ሲከመር ግን ከሩብ በላይ ይጨምራል። ሁለቱም «አንድ ጣሳ» ይባላሉ። ነጋዴው ሲገዛ ዝርጉን ይከምራል፣ ሲሸጥ ጠባቡን በእጁ ጠርጎ ያስተካክላል።

ዐምና አንዲት ጠና ያሉ እናት ዳጉሳ ሊያስፈጩ መጡ። ሊሸጡት የያዙት ሰሊጥም አብሯቸው ነበርና «ልጄ፣ ይኼንንም እስቲ እዪልኝ» አሉኝ። መዘንኩላቸው፤ ቁጥሩን በእስክሪብቶ መዳፋቸው ላይ ጻፍኩ። ወደ ገዢው ሄደው እጃቸውን ዘርግተው አሳዩት። «እኔ የምገዛው በጣሳ ነው፣ በመዳፍ አይደለም» ብሎ መለሳቸው። ሌላ ገዢ በአቅራቢያ አልነበረም፣ ቀኑም እየመሸ ነበር። በጣሳ ሸጠው ሄዱ። በመዳፋቸው ላይ የጻፍኩት ቁጥር እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» እንላለን። በገበያ ግን ይቀራል። በታኅሣሥ በትልቁ የሰፈረ ሰው በሐምሌ፣ የገበሬው ጎታ ሲራቆት፣ ያንኑ እህል በትንሹ ለዚያችው እናት መልሶ ይሰፍርላታል። እርሱ ራሱ በየትኛውም ቁና አይሰፈርም። ይህ ነውር መሆኑን ለመረዳት ሕግ ማንበብ አያስፈልግም። ኦሪት ዘዳግም በቤትህ ታላቅና ታናሽ መስፈሪያ አይኑርህ ይላል። ቁርኣንም «አል ሙጠፊፊን» የሚባል አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለው፤ ስያሜውም ከሰው ሲቀበሉ አሟልተው፣ ለሰው ሲሰጡ አጉድለው የሚሰፍሩትን የሚመለከት ነው። ማንቡክ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የሚስመውም መስጊድ የሚሰግደውም ይህን ያውቃል።

ነገሩ የእኛ ከተማ ብቻም አይደለም፣ የዛሬም አይደለም። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት የኢትዮጵያን መስፈሪያዎችና ሚዛኖች ታሪክ ሲያጠኑ ቁና የሚባለው ነገር ከአገር አገር የተለያየ እንደነበር አሳይተዋል። ፈረንሳዮች በ1789 እ.ኤ.አ. አብዮታቸው ዋዜማ ለንጉሣቸው ካቀረቡት አቤቱታ አንዱ የየመሳፍንቱ መስፈሪያ መብዛትና መተለቅ ነበር፤ ባለርስቱ ግብር ሲቀበል እህሉን ከምሮ ይሰፍር ነበርና። ኪሎ የተወለደው ከዚያ ምሬት ነው። እኛም በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1950ዎቹ፣ ሜትርና ኪሎን በሕግ ተቀብለናል። ሕጉ ግን እስከ ዛሬ የጣሳው ገበያ አልደረሰም።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ያ ሰሊጥ ከአምራቿ እጅ ከወጣ በኋላ ማንም በጣሳ አይሰፍረውም። ነጋዴው ለትልቁ ነጋዴ በኩንታል ያስረክባል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሰሊጥ ሲቀበል ይመዝናል፣ ጥራቱንም ይመረምራል። ወደብ ሲደርስ በቶን ነው። ከዚያ ሁሉ ሰንሰለት ውስጥ በቆርቆሮ የምትሰፈረው የመጀመሪያዋ ሰው፣ አርማና አጭዳ ያመጣችው ብቻ ናት።

ጣሳ ይጥፋ አልልም። እኔም ቤት አለ። ለእንጀራ ሳቦካ ዱቄቱን የምሰፍረው በጣሳ ነው፣ ውሃውን በዓይኔ ነው፤ የራሴ ጣሳ፣ የራሴ ቡሃቃ፣ የራሴ እጅ ስለሆነ አይሳሳትም። በገበያም ጣሳ ሚዛን የማይሰጠው ነገር አለው። ሻጯ ሰፍራ ስትጨርስ «መርቂልኝ» ትባላለች፣ እፍኝ ትጨምራለች፣ ገዢዋም መርቃት ትሄዳለች። ያቺ እፍኝ ዝምድና ናት። ሚዛን ቢመጣ እርሷ ትቀራለች ብለው የሚያዝኑ ሽማግሌዎች አሉ፤ ኀዘናቸውን አልንቅም። ነገር ግን ምራቂ ከሰጪዋ ፈቃድ የሚመጣ ነው። ነጋዴው ከምሮ የሚወስደው ምራቂ አይባልም።

በጓዳም ቢሆን ስፍር የሚያታልልበት ቦታ አለ። ትኩስ ዱቄት ከወፍጮ ሲወጣ ያበጠ ነው፤ ሞቆ፣ አየር ይዞ ኬሻውን ይሞላል። በማግስቱ ሲበርድ ይረጋና ጎድሎ ይታያል። «ዱቄቴን ቀንሰሽብኛል» ተብዬ የተከሰስኩት ስንት ጊዜ ነው! መልሰን ስንመዝነው ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም። የሕፃን ምግብም እንዲሁ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ዘጠኝ ወር የሞላው ልጅ በአንድ ማዕድ 250 ሚሊ ሊትር ከሚይዝ ኩባያ ግማሹን እንዲበላ ያስተምራሉ። ግማሽ ኩባያ የቀጠነ አጥሚትና ግማሽ ኩባያ ማንኪያ ላይ የሚቆም ገንፎ በኩባያው ውስጥ እኩል ናቸው፤ በልጁ ሆድ ግን አይደሉም። ቀጭኑ በአብዛኛው ውሃ ነው። እናቲቱ የተባለችውን ግማሽ ኩባያ ሰጥታለች፣ ልጇ ግን ክብደት አይጨምርም። መጨረሻ ላይ ጤና ጣቢያም ልጁን ሚዛን ላይ ነው የሚያወጣው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መተከል በጭንቅ ላይ በነበረ ጊዜ የእርዳታ ስንዴ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ነው ይባል ነበር፤ ኬሻው ደግሞ 50 ኪሎ ነው። ሦስት ሰው 15፣ 15 ወስዶ አምስት ኪሎ ይተርፋል፤ ያ ትርፍ ከሌላ ኬሻ ጋር ተደምሮ ለሌላ ሰው ይደርሳል። ይህን በጣሳ ማካፈል ጠብ መጥራት ነው። በወንድማማች መካከል ድምፅ ሲነሳ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንድ ቀን ሴቶቹ ተማክረው ኬሻውን እኔ ጋ አመጡትና ሚዛኑ ላይ አካፈልን። ፀጥ ብለው ቁጥሩን እያዩ ድርሻቸውን ወሰዱ፤ «የእኔ አነሰ» ያለ አልነበረም።

ሚዛንም ይዋሻል፣ ይህን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ሽቦው የላላ ተንጠልጣይ ሚዛን አለ፣ ዜሮውን ከፍ አድርጎ የሚጀምር አለ፣ እህል ላይ ውሃ ረጭቶ የሚያከብድ ገበሬም አለ። ልዩነቱ የሚዛን ውሸት መያዝ የሚችል መሆኑ ነው። ማንም ሰው የታሸገ ውሃ ገዝቶ ሊፈትነው ይችላል። ጣሳን በምን ትፈትነዋለህ? በሌላ ጣሳ?

አሜሪካኖች ቡሽል የሚባል የድሮ የእህል መስፈሪያ ነበራቸው። ስሙን አልጣሉትም፤ ዛሬም በእርሱ ይገበያያሉ፤ ነገር ግን ለየእህሉ ክብደት ሰጡት። የበቆሎ ቡሽል 25.4 ኪሎ ነው፣ የስንዴ 27.2። እኛስ? የማንቡክ ጣሳ ስሙ ይቆይ፣ የማሽላ ጣሳ ይህን ያህል፣ የሰሊጥ ጣሳ ይህን ያህል፣ የለውዝ ጣሳ ይህን ያህል ግራም ተብሎ ይወሰን፤ በገበያው መግቢያ በአማርኛም በጉሙዝኛም በሺናሽኛም ይጻፍ። የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት በገበያው መሐል አንድ ሚዛን ያቁም፣ ቁጥሩ ለገዢም ለሻጭም ፊት ለፊት የሚታይ ይሁን፣ በየጊዜው ይፈተሽ። ይህ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይመስለኝም።

እርሱ እስኪመጣ እኔ አንድ ነገር ጀምሬአለሁ። በገበያ ቀን ወፍጮው ከመነሳቱ በፊት ሚዛኑን ከበሩ ውጭ፣ መንገዱ ላይ አወጣዋለሁ፤ ውሃውም አብሮት ይቆማል። ለመመዘን ገንዘብ አልቀበልም። ባለፈው ቅዳሜ ሦስት እናቶች እንጨታቸውን ከትከሻቸው አውርደው መጡ። አንደኛዋ ከመመዘኗ በፊት ስንት ኪሎ እንደሚሆን በእጇ ጣት ቆጥራ አሳየችኝ፤ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ የተሳሳተችው በግማሽ ኪሎ ነበር።