ለቤተ ሰብ የሚጠቅም ምክር፤ ያረጀውን ላፕቶፕ በሊኑክስ ስለ ማደስ

በየቤታችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ አቧራ የለበሰ አንድ ላፕቶፕ ሳይኖር አይቀርም። ለመነሣት ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ አንድ ደብዳቤ ልክፈትበት ሲሉት ይደነዝዛል። አባት «አርጅቷል» ብሎ ይተወዋል፤ ልጅም «አዲስ ይገዛልኝ» ይላል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ መሣሪያው አርጅቶ ሳይሆን የተጫነበት ሸክም ከጉልበቱ በላይ ሆኖበት ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሸክሙን መለወጥ ይገባል።

ዊንዶውስ 10 ለተባለው ፕሮግራም ማይክሮሶፍት ይሰጥ የነበረው መደበኛ ጥበቃ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፥ 64 ጊጋባይት የማከማቻ ቦታና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የጥበቃ መሣሪያ ስለሚፈልግ፥ ብዙ ደኅና ላፕቶፕ ከደጅ ይቀራል። ያለ ፈቃድ የተቀዳውን መጫንም፥ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራም የተጠበቀ ስለ ሆነ፥ ለልጅ መልካም ምሳሌ አይሆንም።

ሊኑክስ ግን ማንም ያለ ዋጋ ወስዶ ሊጭነውና ለጎረቤቱ ሊያካፍለው የተፈቀደ ነው። መሠረቱን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ነበር። በ2004 ደግሞ የደቡብ አፍሪካው ተወላጅ ማርክ ሻትልወርዝ ኡቡንቱ የተባለውን ዓይነት አወጣ፤ ትርጓሜውም ሰብአዊነት ማለት ነው። ለአገራችንም እንግዳ አይደለም፤ በ2008 ገደማ ለኢትዮጵያ ተማሪዎች የታደሉት ኤክስኦ የተባሉ ትንንሽ ላፕቶፖች 256 ሜጋባይት ራም ብቻ ይዘው በሊኑክስ ይሠሩ ነበር።

ለደካማ መሣሪያ ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ ወይም ሉቡንቱ የተባለው ይስማማዋል። ለሚንት 2 ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት ቦታ ይበቃል፤ 4 ጊጋባይት ራም ቢኖር ግን ሥራው ይቀላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አስቀድሞ የሠርጉን ፎቶግራፍ፥ የቤቱን ካርታ ቅጂ፥ የልጆቹን የትምህርት ማስረጃ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ፥ ተገልብጦም እንደ ሆነ በሌላ ኮምፒዩተር ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። ሲጫን ዲስኩ ሁሉ ሊጠፋ ይችላልና፥ ይህን ቸል ያለ ቤተ ሰብ ቅርሱን በገዛ እጁ ያጠፋል።

ቀጥሎ የሊኑክሱን ፋይል ከኢንተርኔት አውርዶ፥ ኤቸር በተባለ ፕሮግራም 8 ጊጋባይት በሚይዝ ፍላሽ ላይ መጻፍ ነው፤ በፍላሹ ላይ የነበረውም እንደሚጠፋ ይታወቅ። ከዚያ ላፕቶፑ ሲነሣ፥ እንደ ሠሪው ኩባንያ ዓይነት ኤፍ 12፥ ኤፍ 9 ወይም ኢኤስሲ የሚለውን ቁልፍ በመጫን ከፍላሹ እንዲነሣ ማድረግ ነው። ከመጫኑ በፊት በመሞከሪያው ዋይፋዩንና ድምፁን መፈተን ብልኅነት ነው። መብራት በመካከል ቢሄድ ሥራው ስለሚበላሽ፥ ባትሪው የማይዝ ላፕቶፕ መብራት በማያሰጋበት ሰዓት ይጫን።

ስለ አማርኛም ሥጋት አይግባችሁ። ፊደላችን ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ ገብቷል፤ በሊኑክስም የአማርኛ የቁልፍ አቀማመጥ አለ፤ ሴራ በተባለውም ዘዴ ድምፁን በላቲን ፊደል እየመቱ በግእዝ ፊደል ማውጣት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ለሁሉ አይበጅም። መሥሪያ ቤቱ በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም የሚያዘው ሰው የሥራ ላፕቶፑን አይንካ። ሊብሬኦፊስ የዎርድን ጽሑፍ ቢከፍትም፥ የሠንጠረዡ አሰላለፍ አንዳንድ ጊዜ ይዛባል። ላፕቶፑ አሮጌውን የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የያዘ ከሆነም፥ በኤስኤስዲ ቢለወጥ ከሁሉ የበለጠ ፍጥነት ያገኛል።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው፥ በአራዳ ከአባት እስከ ልጅ የሚታወቁ ሱቆች ወደየሰፈሩ ተበትነዋል። ደንበኛ የሆናችሁት ጠጋኝ ዛሬ ከቦታው ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ሙያው ወደ ቤት ቢገባ መልካም ነው። ወላጆች ሆይ፤ ሥራውን ለልጃችሁ ስጡት፤ እናንተም አጠገቡ ተቀምጣችሁ ቅጂው መዳኑን ተቆጣጠሩ። ላፕቶፑን በእጁ ያደሰ ልጅ ዕቃን መጠበቅ ይማራል፤ ለአዲስ ግዢ የታሰበውም ገንዘብ ለመጻሕፍት ይተርፋል።