የቤተ ሰብ ምክር፤ ስለ እንቍላል አቀቃቀል

እንቍላል መቀቀል ትምህርት የሚያስፈልገው ሥራ ነው ብንል ከአንባቢዎቻችን መካከል የሚስቅ አይጠፋም። ውሃና እሳት ካለ ሕፃንም ይቀቅለዋል የሚል ብዙ ነው። እኛም እስካለፈው ዳግማይ ትንሣኤ ድረስ ከሚስቁት ወገን ነበርን። ዛሬ ስለዚሁ ነገር ለመጻፍ ብርዕ ያነሣነው፥ በቤታችን በደረሰ ስሕተት አንዲት ቅን ሠራተኛ ያለ በደሏ ልትሄድብን ስለ ነበረና፥ ምክንያቱን በመረመርን ጊዜ በደሉ የራሳችን ሆኖ ስላገኘነው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችንን ለጋብቻ የጠየቁ ሰዎች ሽማግሌዎቻቸውን ይዘው በዚያ ዕለት ወደ ቤታችን ሊመጡ ቀጠሮ ነበራቸው። ለእንዲህ ያለው ቀን የሚቀርበው ዶሮ ወጥ መሆኑን ሁሉ ያውቃል። ዶሮዋ በ12 ብልት ተለይታ፥ ለእያንዳንዱ እንግዳ እንቍላል ሳይጐድልበት መቅረቡ የባለቤቱ አክብሮት ምልክት ነው። ስለዚህ ባለቤታችን ዶሮ ከሚያረቡ ጐረቤት ያን ዕለት ጧትና በዋዜማው የተጣለ 30 እንቍላል አስመጡ። እኛም ትኩስነቱን አይተን እጅግ ደስ አለን።

ወጥ ሠሪያችን ብዙ ዘመን ከእኛ ጋራ የኖረች ባልቴት ናት። እርሷ ድስቱን በጣደች ጊዜ እኛ ወደ ማድ ቤት ገባን። በወጣትነታችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን በአንድ የውጭ አገር የቤት አያያዝ መጽሐፍ ለእንቍላል 10 ደቂቃ እንደሚበቃው አንብበን ነበርና፥ ሰዓታችንን አውጥተን «10 ደቂቃ ሲሞላ አውጪ» ብለን አዘዝን። እርሷም «ጌታዬ፥ እኔ አንዱን አውጥቼ ሰንጥቄ ሳላይ ድስት አላወርድም፤ እናቴ ያስተማረችኝ እንዲህ ነው» አለች። እኛ ግን «የተጻፈውን ታፈርሻለሽን?» ብለን ዝም አሰኘናት።

ከዚህ በኋላ የሆነውን መናገር ያሳፍራል። እንቍላሉ ሲላጥ ቅርፊቱ ነጩን ይዞ እየተገሸለጠ፥ ከ30ው መካከል መልኩ ሳይበላሽ የቀረ ጥቂት ሆነ። በገበታም ላይ ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንቍላላቸውን ቢከፍሉት አስኳሉ ሳይጠነክር ወደ እንጀራው ፈሰሰ። እርሳቸው ጨዋ ናቸውና በእንጀራ ሸፈን አድርገው ሌላ ጨዋታ አነሡ። እኛ ግን ንዴት አሸነፈን፤ ወጥ ሠሪያችንን አስጠርተን በእንግዶቹ ፊት ገሠጽናት። እርሷ አንድም ቃል አልመለሰችም። በማግሥቱ ጧት ጓዟን ጠቅልላ ለመሰናበት በደጃፋችን ቆመች።

በዚህ ጊዜ ባለቤታችን «በችሎት የማይጽፉትን ፍርድ በቤትዎ እንዴት ይሰጣሉ?» አሉን። ዕድሜያችንን በችሎት ጸሐፊነት የኖርን ሰዎች ነን፤ ተከሳሽ ቃሉን ሳይሰጥ እንደማይፈረድበት በእጃችን ስንጽፍ ኖረናል። ቃሉ ከነከነን። ስለዚህ ነገሩ እስኪመረመር እንድትቆይልን ወጥ ሠሪያችንን ለምነን፥ ከአንድ መምህር ወዳጃችን የሙቀት መለኪያ ተውሰን ምርመራ ጀመርን።

መጀመሪያ የመረመርነው ውሃውን ነው። አዲስ አበባ ባለው ቤታችን ውሃው እየተንተከተከ ሳለ መለኪያውን ብንነክርበት 92 ዲግሪ ላይ ቆመ። እሳቱን ብንጨምርም ከዚያ አላለፈም። ምክንያቱም እንዲህ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠረፍ፥ እንደ ምጽዋና እንደ ጅቡቲ ባለ ቦታ ነው። ወደ ደጋ በተወጣ መጠን የአየሩ ክብደት ስለሚቀንስ፥ በየ300 ሜትሩ ከፍታ የመፍላቱ ሙቀት 1 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች 8 ዲግሪ ያህል ይጐድልባታል። በድሬ ዳዋ ውሃ 96 ገደማ ላይ ይፈላል፤ በደብረ ብርሃን ግን ከአዲስ አበባም ያነሰ ነው። እንግዲህ ያ መጽሐፍ ለባሕር ጠረፍ ሰው የተጻፈ ሲሆን፥ እኛ ለደጋ ሰው ሕግ አድርገን አወጅነው ማለት ነው።

ሁለተኛም 30 ቀዝቃዛ እንቍላል ውሃው ጥቂት በሆነ ድስት በአንድ ጊዜ ሲገባ ውሃው ይበርዳል፤ እንደ ገና እስኪፈላ ብዙ ደቂቃ ይወስዳል። እኛ ግን እንቍላሉ ከገባበት ጊዜ ጀምረን ቈጥረን ነበር።

ሦስተኛው ስሕተት የተመካንበት ትኩስነት ነው። በተጣለበት ቀን እንቍላል ነጩ በውስጡ ብዙ የካርቦን አየር ይይዛል፤ በዚህም ምክንያት በቅርፊቱ ውስጥ ካለው ስስ ሽፋን ጋራ አጥብቆ ይጣበቃል። ቀን በቈየ ቍጥር ያ አየር በቅርፊቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች እየወጣ ስለሚያልቅ ነጩ ሽፋኑን ይለቃል። ከዚያው ከጐረቤት የመጡ 4 እንቍላሎችን 10 ቀን አቆይተን ብንቀቅላቸው፥ አራቱም ያለ ችግር ተላጡ። ስለዚህ ለጥብስና ለመሳሰለው ትኩሱ ይመረጣል፤ ለቅቅል ግን ከሳምንት እስከ 10 ቀን የቈየው ይሻላል።

ከዚህ ምርመራ በኋላ በቤታችን የጸናውን ሥርዓት ለአንባቢዎቻችን እንደሚከተለው እንገልጻለን።

አንደኛ፤ እንቍላሉን መለየት። በጥልቅ ሳሕን ቀዝቃዛ ውሃ ሞልቶ እንቍላሉን ማስገባት ነው። ተጋድሞ የሚተኛው ትኩስ ነው፤ በአንድ ጫፉ የሚቆመው ቀን የቈየ ነገር ግን የሚበላ ነው፤ የሚንሳፈፈውን ግን ከምግብ መለየት ይገባል። በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ቤተ ሰቡ እንቍላል ባይቀምስም ዶሮ መጣሏን አትተውም። ስለዚህ ለፋሲካ የተከማቸው እንቍላል ሁሉ አንድ ዕድሜ የለውምና ይህ ፈተና ይልቁንም በዚያ ሰሞን ያስፈልጋል። እንቍላሉ በተሰበሰበ ጊዜ ቀኑን በእርሳስ በቅርፊቱ ላይ መጻፍ መልካም ልማድ ነው።

ሁለተኛ፤ ውሃውን ማብዛት። ውሃው እንቍላሉን ሸፍኖ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይበል። ብዙ እንግዳ ካለ በአንድ ድስት ከማጨናነቅ በሁለት ድስት መክፈል ይሻላል።

ሦስተኛ፤ ውሃው አስቀድሞ ይፍላ። ከቀዝቃዛ ውሃ ጋራ ከተጣደው ይልቅ በፈላ ውሃ ውስጥ የገባው እንቍላል በቀላሉ ይላጣል፤ የነጩ ዳር በድንገት ረግቶ ከሽፋኑ ስለሚለይ ነው። እንቍላሉን በጭልፋ አንድ በአንድ በቀስታ ማውረድ ያስፈልጋል፤ ቢወረወር ይሰነጠቃል። ከማቀዝቀዣ የወጣ ከሆነ ጥቂት ጊዜ በውጭ ቢቈይ የመሰንጠቁ ነገር ይቀንሳል።

አራተኛ፤ ውሃው እንደ ገና መፍላት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ መቍጠር። በአዲስ አበባ ከፍታ ለትንሹ ለሐበሻ ዶሮ እንቍላል 12 ደቂቃ፥ ለትልቁ ለፈረንጅ ዶሮ 15 ደቂቃ ይበቃል። ከዚህ የበለጠ ደጋ ባለ አገር አንድ ሁለት ደቂቃ ይጨመር፤ በቈላ ይቀነስ። ውሃው ከተመለሰ በኋላ እሳቱን ማብረድ ይገባል፤ እጅግ ቢንተከተክ እንቍላሉን እርስ በርሱ ያጋጨዋል እንጂ ፈጥኖ አያበስለውም።

አምስተኛ፤ ምስክር መጥራት። ከሚፈለገው ቍጥር አንድ እንቍላል ጨምሮ መቀቀልና፥ ጊዜው ሲደርስ ያንኑ አውጥቶ መሰንጠቅ ነው። አስኳሉ እስከ መካከሉ ከጠነከረ ድስቱ ይውረድ፤ ገና ከሆነ ሁለት ደቂቃ ይጠበቅ። ይህ የወጥ ሠሪያችን እናት ሥርዓት ነው፤ በመለኪያ መርምረን ከሰዓታችን ይልቅ የታመነ ሆኖ አግኝተነዋል።

ስድስተኛ፤ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ መንከር። ካልቀዘቀዘ በውስጡ ባለው ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። ከልክ በላይ የበሰለ እንቍላል ነጩ እንደ ላስቲክ ይሆናል፤ አስኳሉም ዙሪያው አረንጓዴ ይለብሳል። ይህ አረንጓዴ በነጩ ያለው ድኝና በአስኳሉ ያለው ብረት ሲገናኙ የሚወጣ ነውና ሰውን አይጐዳም፤ ነገር ግን ለዓይን አያምርም።

ሰባተኛ፤ ሲላጥ ከሰፊው ጫፍ መጀመር። በዚያ በኩል የአየር ክፍት ቦታ ስላለ ቅርፊቱ ከነሽፋኑ በቶሎ ይያዛል። ዙሪያውን መታ መታ አድርጎ በውሃ ውስጥ መላጥ ይቀላል። ለዶሮ ወጥ ሲሆን ቅመሙ እንዲገባበት ነጩን በስሱ በቢላዋ ጫር ጫር አድርጎ፥ ወጡ ሊወጣ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው መጨመር ነው። አስቀድሞ ከገባ ይደርቃል።

ስለ ጤናም አንድ ቃል እንጨምራለን። ሳልሞኔላ የሚባለው በሽታ አምጪ ተሕዋስ በእንቍላል ቅርፊት ላይም በውስጡም ሊገኝ ይችላል። ነጩም አስኳሉም እስኪጠነክር ማብሰል ያጠፋዋል። ይልቁንም ለሕፃናት፥ ለነፍሰ ጡሮችና ለሽማግሌዎች ያልበሰለ አስኳል ማቅረብ አይገባም። የተቀቀለውንም ከሁለት ሰዓት በላይ በውጭ አለማሳደር፥ በማቀዝቀዣ ቢቀመጥም በሳምንት ውስጥ መብላት ያስፈልጋል። ጥሬውና የተቀቀለው ከተቀላቀለ በገበታ ላይ ማሽከርከር ነው፤ የበሰለው ጸንቶ ይዞራል፥ ጥሬው ይንገዳገዳል።

ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ አንድ ነገር ቀረን። ወጥ ሠሪያችንን በማድ ቤት ይቅርታ ልንጠይቃት አስበን ነበር፤ ባለቤታችን ግን የገሠጽናት በእንግዶች ፊት መሆኑን አሳሰቡን። ሽማግሌዎቹ መልሳችንን ለመስማት በተመለሱ ጊዜ እንደ ገና ዶሮ ወጥ ቀረበ፤ እንቍላሉ ሙሉ፥ አስኳሉም የጠነከረ ነበር። እኛም ወጥ ሠሪያችንን አስጠርተን በዚያው ገበታ ፊት «ያን ቀን የተሳሳትነው እኛ ነን፤ እርሷ ነግራን አልሰማናትም» አልን። ለመናገር እጅግ ከብዶን እንደ ነበረ አንሸሽግም። እርሷም እጅ ነሥታ «ጌታዬ፥ ወጡ እንዳይበርድብዎ» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጓዟንም በዚያው ማታ ፈታች።

አንባቢዎቻችን ሆይ፥ በቤታችሁ አንድ ነገር በተበላሸ ጊዜ ቍጣ ሳይቀድም ምርመራ ይቅደም። ከመጽሐፍ ያገኛችሁትንም ሥርዓት ለየትኛው አገር እንደ ተጻፈ ጠይቁ፤ በእጇ ሠርታ የምታውቀውንም ሴት ቃል ስሙ።