መለዋወጫ የሌለው ጕልበት

አንዲት የአምባሰል ባልቴት እህላቸውን በአህያ ጭነው ሐይቅ ከተማ ሲደርሱ ወፍጮው ቆሞ ያገኙት እንደ ሆነ፣ የባለወፍጮው መልስ አጭር ነው፤ «እናቴ፣ ኩሽኔታው ተሰብሯል፤ ከደሴ እስኪመጣ ይታገሡ» ይላቸዋል። ሞተሩ ደኅና ነው፤ ድንጋዩም ደኅና ነው። ነገር ግን በመዳፍ የምትያዝ አንዲት ብረት ስለ ታጣች ሁሉም ከንቱ ሆኗል።

ይህን ያነሣሁት ከባድ ጭነት ስለሚያነሡት የጦር ሔሊኮፕተሮች ለመናገር ነው። በገደል የተከበበውን የአምባሰልን አገር ያየ ሰው፣ ያለ መንገድ ከአምባ ላይ የሚያርፍ መጓጓዣ ምን ያህል እንደሚጠቅም አይጠፋውም። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ጊዜ የሶቪየትና የፖላንድ ሚ-8 ሔሊኮፕተሮች በርዳታው ሥራ ተሰማርተው ነበር። ከዚያም በፊት፣ በ1970 ዓ.ም. ጅጅጋን ለማስለቀቅ በተደረገው ውጊያ፣ 12 ቶን የሚሸከመው ሚ-6 ቀላል የጦር ተሽከርካሪዎችን ከተራራው ማዶ አውርዷል።

ነገር ግን የዚህ ጕልበት ምሥጢር ምንድን ነው? በደቂቃ በሺሕ የሚቆጠረውን የሞተር ዙር ወደ 120 ያህል ዝቅ አድርጎ ለአናቱ ክንፍ የሚያስተላልፈው ካምቢዮ ነው። የሚ-6 ካምቢዮ ብቻውን ከ3 ቶን ይበልጣል፤ ከሁለቱ ሞተሮች ድምርም ይከብዳል። ካምቢዮውም ክንፉም በበረራ ሰዓት የተወሰነ ዕድሜ አላቸው፤ ሰዓቱ ከሞላ፣ ባይሰበሩም እንኳ፣ ሳይታደሱ ወይም ሳይለወጡ መብረር ክልክል ነው።

ሠሪዎቹም ራሳቸው ከዚህ ችግር አላመለጡም። 20 ቶን የሚያነሣው ሚ-26 በታኅሣሥ 1970 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። ሔሊኮፕተሩ የሚገጣጠመው በሩሲያ፣ በሮስቶቭ ከተማ ሲሆን፣ ሞተሩ የሚሠራው በዩክሬን፣ በዛፖሮዥዬ ነበር። ሁለቱ ከተሞች በአንድ መንግሥት ሥር ሳሉ ይህ ቁም ነገር ሆኖ አልታየም። በ2006 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች ሲጣሉ ግን ዩክሬን የጦር ዕቃ ለሩሲያ መሸጥ አቆመች፤ ሩሲያም ምትክ ሞተር በራሷ ለመሥራት ትደክም ጀመር። ታላቅ የተባለ መንግሥት እንዲህ ከተቸገረ፣ የእኛ ነገር እንዴት ይሆን? የእኛው ሚ-24 ሔሊኮፕተሮች የሚበሩበት የሞተር ዓይነት ዋና መሥሪያው በዚያችው በዛፖሮዥዬ እንደ ነበረ ልብ ይሏል።

አንዳንድ ሰዎች «ከሁሉ የሚበልጠውን ሔሊኮፕተር እንግዛ» ይላሉ። እኔ ግን ከመግዛት በፊት ማደስን እንማር እላለሁ። በቢሾፍቱ ደጀን አቪየሽን አውሮፕላንና ሔሊኮፕተር የሚያድሱ የአገር ልጆች አሉን፤ ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሊሰፋም ይገባዋል። ካምቢዮውን ዛሬውኑ እንሥራ ማለቴ አይደለም፤ የምናውቀውን እየጠገንን፣ የምንችለውን ትንሽ ዕቃ እየሠራን ወደ ከባዱ እንድረስ ማለቴ ነው።

ወጣቱ ሹም ሆይ፣ የግዥ ወረቀት ፊትህ ሲቀርብ ከዋጋው በፊት መለዋወጫው ለስንት ዓመት እንደሚበቃ፣ ማን እንደሚጠግነውና መሣሪያው ከየት እንደሚመጣ ጠይቅ። ተማሪ ሆይ፣ በቶርኖ ፊት ቆሞ እጅን በዘይት ማቆሸሽ ውርደት አይምሰልህ። የሰው ወርቅ አያደምቅ እንዲሉ፣ ማደስ ያልቻልነው መኪና በሜዳችን ቢቆምም የእኛ አይደለም። ነገ በአምባው ላይ ሕዝብ ሲቸገር፣ እንደ ባለወፍጮው «ይታገሡ» ማለት አይበቃም።