ዶክተር እሆናለሁ ብለን ነበር



በዚህ ሴሚስተር መጀመሪያ ላይ ከዒሻእ ሰላት በኋላ ጥቂት ሆነን ስንጨዋወት ወሬው ወደ ልጅነት ዞረ። «ልጆች ሳላችሁ ስናድግ ምን እንሆናለን ትሉ ነበር?» ሲል አንዱ ጠየቀ። መልሱ ተራ በተራ መጣ፦ ዶክተር፣ ዶክተር፣ ፓይለት፣ ኢንጂነር፣ አሁንም ዶክተር። አንድ ወንድም ብቻ «እኔ የአይሱዙ ሹፌር ነበር የምለው» ብሎ አሳቀን። ቀጥለን አሁን የምንማረውን ስንናገር ግን ሳቁ ቀዘቀዘ። ሚቲዎሮሎጂ፣ ሃይድሮሎጂ፣ ጂኦሎጂ፣ ስታቲስቲክስ፣ የእንስሳት ሳይንስ። ከመካከላችን በሰባት ዓመቱ «ሳድግ ሃይድሮሎጂስት እሆናለሁ» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። አብዛኞቻችን ቃሉን ራሱን የሰማነው ግቢ ከገባን በኋላ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደን ግን ያ ምሽት ብቻ አይደለም። ከጎናችን ሲሰግድ የነበረ አንድ ወንድም የፈለገው ዲፓርትመንት ሳይደርሰው ሲቀር ክፍል መግባት ተወ። «የእኔ አይደለም» እያለ ዶርም ውስጥ ተኝቶ ዋለ፤ ፈተናው መጣ፣ ውጤቱ መጣ፣ በመጨረሻም ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ሌላው ደግሞ ተመርቆ የወጣ፣ በአንድ ወቅት ቁርኣን ያቀራን የነበረ ወንድም ነው። ሲቀላ ላይ ባጃጅ ሲነዳ አየነው። ሰላም ልንለው እጃችንን ስናነሳ ያላየን መስሎ ፊቱን አዞረ። እኛም ዝም ብለን አለፍን። ያ ፊቱን ማዞሩ እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም።

እስቲ የልጅነት ሕልማችንን ከየት እንዳመጣነው እንጠይቅ። አስተማሪ «ስታድጉ ምን ትሆናላችሁ?» ሲለን የምናውቀው የሥራ ዓይነት ስንት ነበር? ጤና ጣቢያ ነጭ ጋውን ለብሶ ያየነውን ሰው፣ ትምህርት ቤት ያስተማረንን ሰው፣ ሰማይ ላይ ያለፈውን አውሮፕላን። ስለዚህ ዶክተር አልን። ቤት ስንናገርም እናታችን «ልጄ ያክመኛል» ብላ መረቀችን። ልብ ብለን ካየነው ብዙዎቻችን ዶክተር ያልነው ስለ ሕክምና አውቀን አልነበረም። ቤታችን ውስጥ የታመመ ሰው ነበር፤ ጤና ጣቢያው ሩቅ ነበር፤ ለመድኃኒት የሚሆን ገንዘብም አልነበረም። ጋውኑ ምልክት ነበር እንጂ ሕልሙ የእናታችን መዳን፣ የቤታችን ከችግር መውጣት፣ የአባታችን ቀና ብሎ መሄድ ነበር።

ይህን መለየት ይጠቅመናል። ጋውኑ በምደባ ሊያመልጠን ይችላል። ሕልሙ ግን በምደባ አያመልጥም።

እውነቱን እንነጋገር፤ መንገዱ ጠባብ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ከመካከላችን በሪሚዲያል በኩል ያለፍን አለን። ከገባን በኋላ ደግሞ ምደባው በውጤትና በቦታ ብዛት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናም አለ። በዚህ ሁሉ አልፎ በልጅነቱ የተናገረውን ሥራ በትክክል የሚይዝ ሰው ጥቂት ነው። የያዘውም ቢሆን ጭንቀቱ አያልቅም፤ በ2017 ዓ.ም. የአገራችን ሐኪሞችና የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸውና ስለ ኑሯቸው ያነሱትን ጥያቄ ሁላችንም ሰምተናል። ዶክተር መሆን የሕልሙ መጨረሻ ይመስለን ነበር፤ እነሱ ግን እዚያ ደርሰውም የቤት ኪራይ ያሳስባቸዋል።

ደግሞስ «ምን ትሆናለህ?» ተብሎ መጠየቅ ራሱ አያቶቻችን ያላገኙት ዕድል ነው። ከዚህ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ሽቅብ ስንወጣ ዶርዜ እናገኛለን። እዚያ የሸማኔ ልጅ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ መወርወሪያ ሲያቀብል ያድግና ሸማኔ ይሆናል። ብዙዎቹ ያን ሙያ ይዘው አዲስ አበባ ወርደው ሽሮ ሜዳን የሸማ ሰፈር አድርገዋታል። በዚሁ በጋሞ ምድር ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው በሙያቸው ምክንያት ለረጅም ዘመን ከሌላው ተገልለው ኖረዋል። ማንም ሕልማቸውን አልጠየቃቸውም።

የእኛም አያቶች ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። በብዙ የአገራችን አካባቢ ሙስሊሙ የርስት መሬት ስለማይፈቀድለት ንግድና ሽመና መተዳደሪያው ሆኑ። ሥራውን ወድዶ ሳይሆን የተከፈተለት በር እሱ ስለነበር ነው የገባበት። በዚያ ላይ ባለሙያን መናቅ ልማድ ነበር፤ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውንና ነጋዴውን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ሲወጡ ከጠየቁት አንዱ በመንግሥት ሥራ እኩል የመቀጠር መብት ነበር። ዛሬ የአንድ ሸማኔ ወይም የአንድ ሱቅ ነጋዴ ልጅ ዶርም ውስጥ ተኝቶ «ይህ ዲፓርትመንት አይመጥነኝም» ሲል፣ ይህ በር በምን ያህል ድካም እንደተከፈተ ማስታወስ አለበት።

ወደ ዲናችን ስንመለስ፣ ስለ ልጅነት ሕልም ከነብዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ታሪክ የበለጠ የሚያስተምረን የለም። ልጅ ሳሉ አሥራ አንድ ከዋክብት፣ ፀሐይና ጨረቃ ሲሰግዱላቸው በሕልማቸው አዩ። ሕልሙ እውነት ነበር፤ ከአላህ ነበር። ሆኖም ከሕልሙ ቀጥሎ የመጣው ዙፋን አልነበረም። ጉድጓድ መጣ፣ በርካሽ ዋጋ መሸጥ መጣ፣ የሰው ቤት አገልጋይነት መጣ፣ ያለ ጥፋት መታሰር መጣ። በየደረጃው ያሉበትን ቦታ «የእኔ አይደለም» ብለው አልተኙም። በሰው ቤት ታማኝ ሆኑ። እስር ቤት ውስጥ እስረኞችን ወደ አላህ ጠሩ፤ ሕልማቸውንም ፈቱላቸው። በመጨረሻ ወደ ሹመት ያደረሳቸው በዚያ እስር ቤት የታወቀ ችሎታቸው ነው።

የተሾሙበትን ሥራ ደግሞ እናስተውል። ሰባት የጥጋብ ዓመታት፣ ቀጥሎ ሰባት የድርቅ ዓመታት እንደሚመጡ ተናገሩ፤ እህሉ በዛላው እንዲከማች መከሩ፤ የግምጃ ቤቱን ኃላፊነትም ራሳቸው ጠይቀው ያዙ። ለነብይ ዲፓርትመንት መመደባችን አይደለም፤ አስተግፊሩላህ። ግን ድርቅን ቀድሞ ማወቅ፣ እህልን ከብልሽት መጠበቅ፣ ለሕዝብ በልክ ማከፋፈል ዛሬ እኛ «ሳንፈልገው ደረሰን» የምንላቸው የትምህርት ክፍሎች ሥራ ነው። የከዋክብቱ ሕልም በእህል ጎተራ በኩል ተፈጸመ። በሕልሙ ውስጥ ግን ጎተራ አልታየም ነበር።

ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ ዑሉሚዲን ስለ ፈርድ ኪፋያ ሲያብራሩ ሕክምናንና ሒሳብን ብቻ አልጠቀሱም፤ እርሻን፣ ሽመናንና ልብስ ስፌትንም ቆጥረዋል። ሰዉ ሁሉ ክብር ወደሚያስገኝ አንድ የዕውቀት ዘርፍ ሲጎርፍ ከተማው ሐኪም አጥቶ መቅረቱንም ወቅሰዋል። የእሳቸው ዘመን ሰዎች ወደ ፊቅህ ክርክር ጎረፉ፤ የእኛ ዘመን ልጆች ደግሞ ወደ ሕክምና እንጎርፋለን። ስህተቱ አንድ ነው፦ ኡማውና አገሩ ምን ጎደለው ከማለት ይልቅ የትኛው ሥራ ያስከብረኛል ማለት።

ምን እንደጎደለን ለማወቅ ሩቅ አንሂድ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ውስጥ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራ ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ እነሱን ቀበራቸው። ያን ቀን ጎረቤቱን ሊያድን የሮጠ ሰው ልቡ የሐኪም ልብ ነበር። «አሁን አትግቡ፣ መሬቱ ገና አልረጋም» የሚለው ዕውቀት ግን የጂኦሎጂ ነው። «ይህ ዝናብ ለዚህ ተዳፋት አደጋ ነው» የሚለው የሚቲዎሮሎጂና የሃይድሮሎጂ ነው። ያለንበት ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተመሠረተው፣ አገሪቱ ከ1977ቱ ረሃብ ገና ባላገገመችበት ጊዜ ነው። ስለ ውሃ ማወቅ ነፍስ ማዳን ነው። እናቱን ለማዳን ዶክተር እሆናለሁ ያለ ልጅ፣ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ወደ መንደሩ ሲያስገባ ከሕልሙ ወጣ አይባልም።

«እንግዲያው ያሰብነውን ሁሉ እንተው ማለታችሁ ነው?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ደንቡ በሚፈቅደው መንገድ ዲፓርትመንት መቀየር የሚችል ይሞክር፤ ኢስቲኻራ ይስገድ፤ የሚያውቁትን ያማክር። «ቀደር ነው» ማለት ትራስ አይደለም። ግመልን አስሮ በአላህ መመካት የተማርነው ነው፤ ቀደርን የምንወድደው የምንችለውን ካደረግን በኋላ ነው። በሩ ከተዘጋ ግን በተዘጋው በር ላይ አራት ዓመት ቆሞ ማልቀስ ዕድሜን ማባከን ነው። ስለ ዕድሜያችን ደግሞ እንጠየቃለን።

ሥራ አጥነቱም ቀልድ አይደለም። ዲግሪ ይዞ ዓመትና ሁለት ዓመት ቤት የተቀመጠ ወንድምና እህት አለን። እነሱን «ታገሱ» ብቻ ብሎ ማለፍ ግፍ ነው። ግን ከሶሓቦች አንዱ ዐብዱራሕማን ቢን ዐውፍ (ረ.ዐ) ንብረታቸውን መካ ትተው መዲና ሲደርሱ፣ የአንሷር ወንድማቸው ሀብቱን እኩል ሊያካፍላቸው ቢል ዱዓ አድርገውለት ገበያው የት እንደሆነ ጠየቁ። በቅቤና በደረቅ አይብ ንግድ ጀመሩ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) እረኛ ነበሩ፣ ነጋዴም ነበሩ። ነብዩላህ ዳውድ ብረት ሠሪ፣ ነብዩላህ ዘከሪያ አናጢ ነበሩ፤ ሰላም በሁላቸውም ላይ ይሁን። ሀላል ሥራ የሚያሳፍር ቢሆን ኖሮ አላህ ለነብያቱ ባልመረጠላቸው ነበር።

ስለዚህ ከጀመዓችን ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የተመራቂዎች ፕሮግራም ላይ መድረክ የምንሰጠው ትልቅ ቦታ ለደረሱት ብቻ አይሁን። ከላንቴ ሙዝ ጭኖ አዲስ አበባ የሚልከው፣ ሱቅ የከፈተው፣ ባጃጅ የሚነዳውም ይጠራ፤ ገንዘብ እንዴት እንዳጠራቀመ፣ ምን እንደከሰረ ይንገረን። ሁለተኛ፣ ፍሬሽ ተማሪዎች ዲፓርትመንት ከመምረጣቸው በፊት በየትምህርት ክፍሉ ያሉ ሲኒየሮች አንድ ምሽት ይቀመጡላቸውና ትምህርቱ ምን እንደሆነ፣ ተመርቆ የት እንደሚሠራ፣ ለማን እንደሚጠቅም እውነቱን ያስረዷቸው። እህቶችም በራሳቸው ፕሮግራም እንዲሁ ያድርጉ፤ ብዙዋ እህት ቤተሰብ የመረጠላትን ብቻ ይዛ እንደምትመጣ እናውቃለንና። ሦስተኛ፣ ክፍል መግባት ያቆመ ወንድም ካለ ውጤቱ ሳይወጣ ዶርሙን እናንኳኳ። ባለፈው ዘግይተናል።

ሰፈራችን ስንመለስ ትንንሾቹንም «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ብለን አናቁም። «ስታድግ ማንን ትጠቅማለህ? ምኑን ታስተካክላለህ?» እንበላቸው። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ በየትኛውም ዲፓርትመንት ይገኛል።

ያን ወንድማችንን በሚቀጥለው ስናገኘው አናልፈውም፤ ባጃጁን አስቁመን እንሳፈራለን፣ ሒሳቡንም እንከፍላለን፣ በተመራቂዎች ፕሮግራም ላይ እንዲናገርልንም እንጠይቀዋለን ኢንሻአላህ። ፊቱን ያዞረው እሱ ቢሆንም፣ እንዲያዞር ያደረግነው ክብርን በአንድ ጋውን ላይ ብቻ የሰቀልነው እኛ ነን።

አላህ የተማርነውን ለሰው የሚተርፍ ያድርግልን፤ ሪዝቃችንን ሀላል፣ ልባችንን የረካ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።